ከሳይክል የማይወረድበት እሑድ

ያን እሑድ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣልኝ ጸጥታው ነው። ነገሌ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ባጃጅ የማይሰማበት ሰዓት የለም። ያን ዕለት ግን የልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ነጂዎቹን ለምኖ፣ ዋናው አስፋልት እስከ ረፋዱ ድረስ ለሳይክልና ለእግረኛ ብቻ ተለቆ ነበር። ከግቢ ስወጣ ከተማዬ ሌላ ከተማ መሰለችኝ። ከገበያው በኩል የወፍ ድምፅ ይመጣል፤ ሁለት መንደር ማዶ የሚያስል ሰው ይሰማል። ከሳምንት በፊት የጣለው ዝናብ ቀዩን አቧራ አስተኝቶታል፤ ብርሃኑ ሳይቸኩል በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ ይወርዳል። ሴት ልጄ የራሷን ሳይክል እየገፋች ፊት ፊት፣ ትንሹ ወንድሟ ቀሚሴን ይዞ፣ እኔም የተከራየሁትን ሳይክል እየገፋሁ፣ ሦስታችንም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን።

ጉዞው «የቤተሰብ የሳይክል ጉዞ» ይባላል። ሐሳቡን ያመጣው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው ወጣት የስፖርት መምህር ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ፣ በጦር ሰፈሩ አጥር ሥር አልፎ፣ ገበያውን ሰንጥቆ፣ ቤቶቹ አልቀው ግራሩ እስከሚጀምርበት ድረስ መሄድና መመለስ ነው። ውድድር የለበትም፤ ሽልማትም የለበትም። አንድ ደንብ ብቻ ነበረው፤ እናቱ ወይም አባቱ አብረውት የማይነዱ ልጅ አይሳተፍም። ባለቤቴ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ወርዷል። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ የምዝገባውን ወረቀት ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቆማ ጠበቀችኝ ብቻ። ይህ ደግሞ ከልመና ሁሉ ይብሳል።

ሳይክል መንዳት እችላለሁ። ማለቴ፣ እችል ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እኔም በልጄ ዕድሜ ሳለሁ፣ ገበያው ጫፍ ላይ ሳይክል የሚያከራይ ሰው ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኞቼ ጋር እየተጋፋሁ፣ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ተማርኩ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ልቤ አበጠና ሜዳውን ትቼ በአስፋልቱ ወጣሁ፤ በአባቴ ሱቅ ፊት መጣሁ። አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በረንዳው ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። እንዳሳደጉኝ ከሳይክሉ ወረድኩና መሪውን ይዤ «ናጋ» ብዬ ሰላም አልኩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሞቅ አድርገው መለሱልኝ። አባቴ ግን ሳይክሉን አዩ፣ ትከሻዬ ላይ የወደቀውን ሻሼን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ። አልተቆጡም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ሳይክል ላይ አልወጣሁም።

ኩርፊያ ቶሎ የማይለቀኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ ቂም እንደ ቅቤ አንጥረሽ ነው የምታስቀምጪው» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፤ ያን አስተያየት ሃያ ሰባት ዓመት አስቀምጬዋለሁ። አባቴን በቀን አንዴ ሳልጠይቅ አልውልም፤ መድኃኒታቸውን የምገዛ እኔ ነኝ፤ የዓይን ሐኪም ጋ ይዣቸው የምሄድም እኔ ነኝ። ግን ያን ቀን ምን ማለታቸው እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸውም ከጨርቅ ዋጋ በቀር ብዙ የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ታዲያ የጉዞው መንገድ በሱቃቸው ፊት እንደሚያልፍ ስሰማ ፈራሁ። ለራሴ አልነበረም የፈራሁት። ያ አስተያየት በልጄ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ልጄ አያቷን አብዝታ ትወዳለች፤ ፊታቸውን ቢመልሱባት ልክ እንደ እኔ ወርዳ እንደምትቀር አውቃለሁ።

ዋዜማው ላይ ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለኩ ነበር። እኛ ቤት አማርኛውና ኦሮምኛው ተቀላቅሎ ነው የሚነገረው፤ አባትን ደግሞ «አቦ» እንላለን።

«አቦ፣ ነገ ልጆቹን ይዤ በሳይክል በዚህ አልፋለሁ» አልኩ።

መለካታቸውን አላቋረጡም። «ስንት ሰዓት?» አሉ።

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ልጅቷም?»

«ልጅቷም።»

ጨርቁን ቀደዱ፣ አጠፉ፣ ለሴትየዋ ሰጡ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ያቺን «ልጅቷም?» ስገለብጣት፣ ሳገላብጣት ሄድኩ፤ በየትኛውም ጎኗ ደግ ነገር አላገኘሁባትም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሠላሳ የሚሆን ቤተሰብ ተሰብስቧል። አንድ ወታደር ሦስት ልጆቹን በአንድ ሳይክል ጭኗል፤ አንዱ ከፊት ብረቱ ላይ፣ ሁለቱ ከኋላ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ወትፏል። ቀሚስ ከሱሪ ጋር የደረብን እናቶች ደግሞ እርስ በርሳችን እየተያየን እንሳሳቃለን። መምህሩ ፊሽካውን ነፋ። ወጣሁ። መጀመሪያ ሳይክሉ እንደ ሰካራም ተወላገደብኝ፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ትንሹ ልጄ ወገቤን ጨምድዶ «እማ፣ ቀጥ አድርጊው» አለኝ። ከዚያ እግሬ ከእኔ ቀድሞ አስታወሰ። ፔዳሉ ዞረ፣ ነፋሱ ሻሼ ሥር ገባ፤ የጦር ሰፈሩ አጥር ከጎኔ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። መሬቱን የማልነካ መሰለኝ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ጉዞው ቆመ።

በእኛ አካባቢ በፈረስም ይሁን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እላይ ሆኖ ማለፍ ነውር ነው። ሳይክልም ከዚህ አያመልጥም። ሰላምታው ደግሞ በአንዲት ቃል አያልቅም፤ እንዴት አደራችሁ ይባላል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ እዚያ ማዶ ወርዶ እንደሆነ ይጠየቃል። በእሑድ ጠዋት የነገሌ ሽማግሌ ሁሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መምህሩ መንገዱን ሲለካ ጉድጓዱንና ዳገቱን አስቦ ነበር፤ በረንዳዎቹን ግን አላሰባቸውም። ልጆቹ አንዱ በረንዳ ጋ ይወርዳሉ፣ «ናጋ ቡልተኒ»፣ በሰላም አደራችሁ ወይ፣ ይላሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይወጣሉ፤ አምስት ጊዜ ፔዳል ሳይመቱ ሌላው በረንዳ ይመጣል።

መምህሩ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። «እህቴ፣ ምን ሆነው ነው? የሁሉም ሰንሰለት ወለቀ?»

«ሰላም እያሉ ነው» አልኩት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

በረንዳዎቹ እስከ ገበያው ድረስ ተሰልፈው ይታያሉ። ጥቂት አያቸውና ፊሽካውን ነፋ፤ ከሳይክል መውረድ እንደማያስፈልግ፣ እየነዱ እጅ ማውለብለብ እንደሚበቃ ተናገረ። ልጆቹ ሱቅ ዝረፉ ያላቸው ይመስል አዩት። አንዱም አልሰማውም። ወታደሩ ሦስት ልጅ ማውረድና መጫን ሲሰለቸው አንድ ሽማግሌ ያላየ መስሎ ሊያልፍ ሞከረ፤ ትልቁ ልጁ «አባዬ፣ አለፍካቸው እኮ» አለው። ተመልሶ ሰላም አለ። መምህሩ በመጨረሻ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ እሱም እንደ ልጆቹ እየወረደ «ናጋ» ማለት ጀመረ። ወደድኩት።

ገበያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ልጄ ከፊቴ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀድማለች። ቀጥ ብላ ነው የምትነዳው፤ ሻሿን በደንብ አስራለች። አሻግሬ በረንዳውን አየሁ። አባቴ በነጭ ቆባቸው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ በሁለት ጓደኞቻቸው መሐል ተቀምጠዋል። ልደርስባት፣ ከጎኗ ልሆን ፈለግሁ፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ ከብዶኝ ሳይክሉ አልሄድ አለኝ። ሁሉም ነገር ዘገየ። ያያት ዓይናቸው ነው ወይስ ጓደኞቻቸው ነገሯቸው አላውቅም፤ አባቴ ቀና ሲሉ አየሁ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ለሁለቱ አንድ ነገር ተናገሩ። ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ገቡ፤ የላሜራው በር ተዘጋ። ልጄ በተዘጋው በር ፊት ሳትወርድ አለፈች።

«እማ፣ አካኮ በሩን ዘጉት» አለኝ ትንሹ። ልጆቼ አያታቸውን አካኮ ነው የሚሏቸው።

«አይቻለሁ» አልኩት።

ልቤ ተሰበረ። ተናደድኩም። ለእኔ ፊታቸውን ነበር የመለሱት፤ ለልጄ በር ዘጉባት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየመጣ የተመለሰው ሁሉ ተሰልፎ መጣ። የምናገረውን እያዘጋጀሁ፣ ፔዳሉን እንደ ጠላት እየረገጥኩ፣ ከተማውን ጨርሼ ወጣሁ።

ግራሩ ጋ ደረስን። ያ ቦታ አሁንም አንዳንዴ በእንቅልፌ ይመጣል። ሳሩ ገና ለስልሷል፤ ቀያይ ኩይሳዎች ከሰው በላይ ቆመው እዚያም እዚያም ይታያሉ፤ ሦስት ግመሎች አንገታቸውን አስግገው ይህ ሁሉ ጎማ ከየት መጣ ብለው ያዩናል። ሳይክሎቹ ሳሩ ላይ ተጋድመዋል። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፤ ድምፃቸው ሜዳው ላይ ተበትኖ በጣም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። በዚህ ሁሉ መሐል እኔ ተቀምጬ እናደዳለሁ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች። ፊቷ ቀልቶ፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ሲያበራ እንደዚያ ቀን አምራ አይቻት አላውቅም።

«አካኮ አዩኝ?» አለችኝ። «እኔ ስደርስ በሩ ዝግ ነበር።»

«አይተውሻል» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ስንመለስ እጠይቃቸዋለሁ።»

ይህን ያልኩት ለማጽናናት አልነበረም። ስመለስ በሩን አስከፍቼ፣ ስለ እሷም ስለ እኔም፣ በሰው ፊትም ቢሆን ልጠይቃቸው ቆርጬ ነበር።

ወደ ከተማው ስንመለስ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ረጅም ሽማግሌ ነው። ከአንድ ቤት ግድግዳ ጋር ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው፤ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ልስኑን ይመረምራሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለው በረንዳ ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን አዙረው የተዘጋ በር ያያሉ። ከዚያ አንዱ ዛፍ ሥር የዛፉን ግንድ ፊት ለፊት ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበዋል። እስከ ገበያው ድረስ በግራም በቀኝም የሚታየው ጀርባ ነው። ነጭ ቆብ፣ ሽርጥ፣ የኮት ጀርባ፣ የጋቢ ጀርባ። ያን ሁሉ ሰው በምን እንዳስቀየምነው አላወቅሁም፤ አባቴ የጀመሩትን ከተማው ሁሉ የተከተለ መሰለኝ። መምህሩ አጠገቤ ደርሶ «አጠፋሁ መሰለኝ» አለ፤ ፊቱ አመድ ሆኗል።

ልጆቹ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ዘገዩ። ሰላም የሚባል ፊት የለም። ከዚያ ካለማቆም ሌላ የሚያደርጉት ስላልነበረ ነዱ። ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ ሽ... እያሉ፣ ሠላሳ ቤተሰብ አንድም እግር መሬት ሳይነካ፣ በጀርባዎቹ መሐል ፈሰሰ። አንዲት ልጅ ደወሏን መታች፤ ግድግዳውን የሚመረምሩት ሽማግሌ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ነበር።

ከመንገዱ ዳር ወተት የምትሸጥ አንዲት የጉጂ ሴት ተቀምጣለች። ፍጥነቴን ቀንሼ «እናቴ፣ ምን አድርገናቸው ነው?» አልኳት።

«ኢንተላ ኮ፣ ምን አደረጋችሁ ደግሞ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ልጆቹ እንዳይወርዱ ነው እንጂ። የጨርቅ ቤቱ ሽማግሌ ናቸው ሐሳቡን ያመጡት። እናንተ ወደ ዱሩ ስትወጡ በከዘራቸው በረንዳ ለበረንዳ ሄዱ። ልጆቹን ደስታቸውን አናቋርጥባቸው፣ ዙሩ፣ ያላያችሁትን ልጅ ሰላም በለኝ አትሉትም አሉ። ወንዶቹም ዞሩ።» ከዚያ በወተቱ ላይ ክዳኑን አስተካከለችና «እኔ ሴት ነኝ፣ ለእኔ የሚወርድ የለም፤ አልዞርም ብዬ አያችኋለሁ» አለች።

መሪውን ይዤ ቀረሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀለጠ። አባቴ ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ለመምጣት ሁለት ጊዜ የሚያርፉ ሰው ናቸው። ገበያውን ዳር እስከ ዳር በከዘራ መዞራቸውን ሳስብ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ማልቀስ አማረኝ። ልጄ ርቃ ሄዳለች። ተከተልኳት።

አባቴ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ጓደኞቻቸው አግዳሚው ላይ ዞረው ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ግን ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ከዘራው ላይ ጭነው፣ የራሳቸውን ሱቅ በር ይመለከታሉ። ልጄ ከፊቴ ደረሰች። ጀርባቸውን ስታይ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ገባት መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገችና ሳትወርድ አለፈች።

እኔ ወረድኩ። ትንሹ ከኋላ እንደተቀመጠ ሳይክሉን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ዓይናቸው ደከመ እንጂ ጆሯቸው ደኅና ነው።

«ደበርቴ?» አሉ ለበሩ። አለፈች ወይ ማለታቸው ነው።

«አለፈች፣ አቦ።»

«አልወረደችም?»

«አልወረደችም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጠይቃቸው የነበረውን ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«አንቺስ ለምን ወረድሽ?»

«አንቱ ቆመው እንዴት ብዬ ልለፍ?»

«አኒ ኢንጂሩ» አሉ። እኔ የለሁም ማለታቸው ነው። «እለፊ።»

አልተንቀሳቀስኩም፤ ያን ቀን ፊታቸውን ሲመልሱብኝም «እለፊ» ማለታቸው ኖሮ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ትከሻቸው ከድሮው ጠቧል፤ የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል። ያኔ እግራቸውን አየሁ። ከሽርጡ ሥር ጉልበታቸው ይርገበገባል፤ ከዘራው በእጃቸው መንቀጥቀጥ ወለሉን ቶሎ ቶሎ ይመታል። ጓደኞቻቸው ተቀምጠው እሳቸው ለምን እንደቆሙ አላውቅም። ምናልባት የልጅ ልጃቸው የምትከበረው በተቀመጠ ሰው ሳይሆን በቆመ ሰው ጀርባ ነው ብለው ይሆናል። የማውቀው እኔ እስካላለፍኩ ድረስ እንደማይቀመጡ ብቻ ነው።

ሳይክሉ ላይ ወጣሁ። አባቴ እዚያው ቆመው፣ እኔ ከኋላዬ ልጅ፣ በላዬ ዕድሜ ጭኜ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሳልወርድ አለፍኩ። ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እንደመታሁ ትንሹ ልጄ ከኋላዬ ዞሮ ሲያይ ተሰማኝ።

«እማ፣» አለኝ፣ «አካኮ ተቀመጡ።»